ባለውለታ ዜጋ ሲሆን

ዝቋላ ሲባል የብዙ አንባቢ ሐሳብ ወደ ቢሾፍቱ፣ የአቦ ገዳም ወዳለበት ተራራ ይሄዳል። ይህ ዘገባ የሚነሣው ግን ከሌላው ዝቋላ ነው፤ ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ከሚወርደው ቆላ፣ ጽጽቃን ርእሰ ከተማው ካደረገው የዋግ ኽምራ ወረዳ። ሕዝቡ በማሽላና በፍየል ይኖራል። ዝናብ የቀረ ዓመት ማሽላው መስክ ላይ ይደርቃል፣ ፍየሉም ይከተላል።

በዚህ ቆላ ምጥ የጠናባት ሴት መጀመሪያ የምትጓዘው በሰው ትከሻ ነው። ሁለት ረጃጅም እንጨቶች በጠፍር ይጠላለፋሉ፣ ጋቢ ይነጠፍባቸዋል፣ ነፍሰ ጡሯ ትተኛበታለች። አራት ጎልማሶች ቃሬዛውን ያነሣሉ፤ ሌሎች አራት ወይም ስድስት፣ እንደ መንደሩ አቅም፣ ተረኛ ሆነው ይከተላሉ። ዳገት ሲሆን ረዣዥሞቹ ከኋላ፣ ቁልቁለት ሲሆን ከፊት ይሆናሉ፤ ቃሬዛው ካዘመመ ሴቲቱ ትንሸራተታለችና። እናቷ ወይም አማቷ ከጎን ከጎን እየሄደች «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። መኪና ከሚደርስበት ስፍራ ሲወጡ፣ አምቡላንሱ ነዳጅ ካለውና መንገዱ ካልተቆረጠ፣ ጉዞው ወደ ጤና ጣቢያ ይሆናል። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ደግሞ ወደ ሰቆጣ፣ ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ይቀጥላል።

ከዘገየችስ? ምጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት በእናትየው የዳሌ አጥንት መካከል ተቀርቅሮ በፊኛዋና በብልቷ መካከል ያለውን ስስ ሥጋ ይጫነዋል። ደም ያጣ ሥጋ ይሞታል፤ ከቀናት በኋላ ይረግፍና ቀዳዳ ይተዋል። ሕፃኑ ብዙውን ጊዜ አይተርፍም። እናትየው ትተርፍና ሽንቷ፣ አንዳንዴም ሰገራዋ፣ ቀን ከሌት ይፈሳል። ፌስቱላ የሚባለው ይህ ነው። ሴቲቱ ገበያ መውጣት ታቆማለች፣ ቤተ ክርስቲያን ከቅጥሩ ውጭ ትቆማለች፣ ልቅሶ ቤት አትቀመጥም። ባሏም ብዙ ጊዜ ትቷት ይሄዳል። ወንዝ የምትወርደው ሰው በሌለበት ሰዓት ነው።

ኢትዮጵያ ለውጭ አገር ሰው ከሰጠቻቸው የክብር ዜግነቶች ሁሉ በሕዝብ ዘንድ በስፋት የሚታወቀው ከዚህ ጉዳት ጋር የተያያዘ ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ጋር አዲስ አበባ የገቡት በ1951 ዓ.ም. ነበር። ሁለቱም የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ናቸው። የመጡት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ዛሬ ጦር ኃይሎች በምንለው ግቢ፣ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። ውሉ የሦስት ዓመት ነበር።

ከሁለቱ ሐኪሞች አንዳቸውም ፌስቱላ አክመው አያውቁም ነበር፤ በሠለጠነው ዓለም በሽታው ከጠፋ ቆይቷል። አዲስ አበባ ግን በየበሩ ጠበቃቸው። ሴቶቹ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከአርሲ ቀናትና ሳምንታት ተጉዘው ይደርሳሉ፤ አልጋ ግን አይሰጣቸውም፣ ሌላው ሕመምተኛ ሽታውን ስለሚሸሽ። ባልና ሚስቱ የቆዩ የሕክምና መጻሕፍትን እያገላበጡ፣ ከሌላ አገር ሐኪሞች ልምድ እየጠየቁ የቀዶ ሕክምናውን ስልት አደላደሉት። እ.ኤ.አ. በ1974 ለዚህ በሽታ ብቻ የተሠራውን የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ። ሕክምናው በነፃ ነው። ዘውዱ ወረደ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ ሆስፒታሉ አልተዘጋም። ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያርፉ ካትሪን ወደ አገራቸው አልተመለሱም። በእርጅናቸውም ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ባሕር ዳር፣ በ2006 መቀሌ፣ ከዚያም ይርጋ ዓለም፣ ሐረርና መቱ ላይ ማእከላት ተከፈቱ። የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ጀመረ፤ የገጠር ልጆችን እየመለመለ፣ አስተምሮ፣ ወደመጡበት አካባቢ ይልካል። ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች በእነዚህ ተቋማት ታክመዋል።

ኢትዮጵያ ለካትሪን ሐምሊን የክብር ዜግነት የሰጠቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከመጡ 53 ዓመት ሆኗቸው፣ ዕድሜያቸው 88 ደርሶ። መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው አዲስ አበባ ባለው ቤታቸው አረፉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ቁጥር ነው፤ 53 ዓመት። በዚህ ዕድሜ የሚሰጥ ዜግነት ምስጋና ነው፣ ምስጋናውም ይገባል። ነገር ግን ዜግነት ከምስጋና በላይ የሆነ ነገር ነው። ዜጋ ይመርጣል፣ ይመረጣል፣ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ልጆቹን ያወርሳል። የእኛ ሕግ ይህን ሙሉ ዜግነት ለባለውለታ እንግዳ መስጠት የሚያስችል በር አለው። በሩ ግን ብዙም አይንኳኳም።

በሩ ያለው በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ውስጥ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ካለ በኋላ የውጭ አገር ሰውም ዜግነት ሊያገኝ እንደሚችል ይፈቅዳል። አዋጁ ይህን በዝርዝር ያስቀምጣል። በአንቀጽ 5 መሠረት አመልካቹ ለአካለ መጠን የደረሰ መሆን አለበት፤ መደበኛ ኑሮውን እዚህ መሥርቶ ቢያንስ አራት ዓመት መኖር አለበት፤ ከአገሪቱ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት መቻል አለበት፤ ሕጋዊ ገቢ፣ መልካም ጠባይና ከወንጀል የጸዳ ታሪክ ያስፈልገዋል። የቀድሞ ዜግነቱንም መልቀቁን ወይም ሊለቅ የሚችል መሆኑን ማሳየት ይጠበቅበታል። አንቀጽ 8 ደግሞ ልዩ ሁኔታ ነው፤ ለኢትዮጵያ የላቀ አስተዋጽኦ ያደረገ የውጭ አገር ሰው የነዋሪነቱና የቋንቋው መስፈርት ሳይጠየቅ በሕግ ዜግነት ሊሰጠው ይችላል ይላል።

አንቀጽ 8 የሚያነሣው ሁለቱን መስፈርቶች ብቻ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። የቀድሞ ዜግነትን የመልቀቁ ነገር እንዳለ ነው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነትን አትቀበልም፤ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊም ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ እዚህ ያገለገለ አውስትራሊያዊ ወይም ኦስትሪያዊ ሙሉ ኢትዮጵያዊ ለመሆን የእናት አገሩን ፓስፖርት ማስረከብ አለበት። ብዙዎቹ ይህን አይፈልጉም፤ እናትና አባት፣ ጡረታና የመቃብር ቦታ እዚያ አላቸውና ልንወቅሳቸው አይገባም። በመካከል የተገኘው መላ የክብር ዜግነት ነው፤ ወረቀቱ ክብር ይሰጣል፣ መብቱን ግን አያስከትልም።

የልዩ ሁኔታው ሐሳብ ዛሬ የመጣ አይደለም። የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ሲወጣ አምስት ዓመት መኖርን፣ አማርኛንም መናገርና መጻፍን ይጠይቅ ነበር። ሕጉ ከወጣ ሦስት ዓመት ብዙም ሳያልፈው በ1926 ዓ.ም. መስከረም ላይ ተሻሻለና መንግሥት ለአገር ይጠቅማል ብሎ ያመነበትን የውጭ አገር ሰው እነዚያን መስፈርቶች ሳይጠይቅ ዜጋ ማድረግ እንዲችል ሆነ። ዘመኑ አገሪቱ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የጦር አስተማሪና የሙዚቃ መምህር ከውጭ የምትፈልግበት ነበር። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች እያልን የምንጠራቸው፣ የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። ከእነሱ ጋር የመጣው መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ስደተኛ ሆኖ የመጣ ሰው የአገራችንን መዝሙር ሰጠን ማለት ነው።

ለዋግ ሰው በ1922ቱና በ1996ቱ ሕግ መካከል ያለው ልዩነት የራሱ ትርጉም አለው። በቀድሞው ሕግ አማርኛ ግድ ነበር። በአሁኑ ሕግ ከብሔረሰቦች ቋንቋ አንዱ ይበቃል። ጽጽቃ ወይም ሰቆጣ ላይ አራት ዓመት የኖረ፣ ከእናቶች ጋር በኽምጣና የሚግባባ እንግዳ አዋላጅ፣ አማርኛ አንድ ቃል ባያውቅ እንኳ፣ የቋንቋውን መስፈርት አሟልቷል። ይህ አንቀጽ የሕግ አውጪው ትልቅነት የታየበት ይመስለኛል። በአዲስ አበባ የእንግዳ መቀበያ አዳራሾች ሳይሆን በዳር አገር ቀበሌ ያገለገለውን ሰው ከሩቅ አይቶታል።

ዋግ ደግሞ ውለታና ማዕረግ እንዴት እንደሚገናኙ ከጥንት ያውቃል። የዛጉዌ መንግሥት ለይኩኖ አምላክ ሲያልፍ ለዋግ ገዥዎች የተጠበቀላቸው ክብር እስከ ቅርብ ዘመን ሲነገር ኖሯል፤ ዋግሹም በብር ወንበር ይቀመጣል፣ ነጋሪት ያስጎስማል፣ ሹመቱም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ዙፋን ለለቀቀ ዘር የተከፈለ ካሳ ነው ይባላል። ከዚያው ቤት የወጡት ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1871 ነግሠዋል።

የዚያው ቤት ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን በዋግ ሸፍተው እ.ኤ.አ. መስከረም 1937 ተይዘው አንገታቸው ተቀላ። ራሳቸው በሰቆጣና በኮረም ገበያ ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ። በዚያው ሰሞን ለንደን ላይ አንዲት እንግሊዛዊት በየሳምንቱ ጋዜጣ እያዘጋጀች፣ ዓለም የተወውን የአርበኞች ትግል ታትም ነበር። ሲልቪያ ፓንክረስት ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለውን ጋዜጣ የጀመረችው የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ በገባበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 1936 ነው። ከድል በኋላ ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ ያሰባሰበችውም እርሷ ናት፤ ሐምሊኖች ከዓመታት በኋላ የገቡበት ሆስፒታል። እ.ኤ.አ. በ1956 ከልጇ ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ መጥታ ኖረች። እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 1960 ስታርፍ በክብር ተሸኝታ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ አርበኞች በሚያርፉበት ስፍራ ተቀበረች። ያን ጊዜ የተሰጣት ሥፍራ ከማንኛውም የዜግነት ወረቀት ይበልጥ ተናግሯል።

ክብር ግን ከሕይወት በኋላ ብቻ አይሁን። የዘገየ ክብር ምን እንደሚያስከፍል ሻሸመኔ ታሳያለች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948፣ በወረራው ዘመን ኢትዮጵያን ለደገፉ የዓለም ጥቁሮች፣ ሻሸመኔ አጠገብ መሬት ሰጡ። ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን አገሮች የመጡ ራስተፈርያውያን እዚያ ሰፈሩ፣ ቤት ሠሩ፣ ልጅ ወለዱ። ደርግ የገጠር መሬትን በአዋጅ ሲወርስ የእነሱም መሬት አብሮ ሄደ። ልጆቻቸው እዚህ ተወልደው፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየተናገሩ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ሆነው አደጉ። መንግሥት ለእነሱ፣ ለቤተ እስራኤላውያንና አገሪቱን ላገለገሉ ሌሎች የውጭ ሰዎች መታወቂያ እንደሚሰጥ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። መሬቱ ከተሰጠ 69 ዓመት በኋላ። መታወቂያው ያለ ቪዛ መኖርን ይፈቅዳል፤ የምርጫ ካርድ ግን አይደለም። ባለውለታ ብሎ ጠርቶ፣ መሬት ሰጥቶ፣ የልጅ ልጁን ፈቃድ የለህም ማለት ለጋሹንም ተቀባዩንም ያሳፍራል።

ካርልሃይንዝ በም ክብሩን ከእነዚህ ሁሉ ፈጥኖ ያገኘ ነው። በጀርመንኛ ፊልሞች የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ሆኖ በመተወን ስሙ የገነነ ተዋናይ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1981 በአንድ የቴሌቪዥን መዝናኛ ላይ ቀርቦ ከተመልካቹ አንድ ሦስተኛው እንኳ አንዳንድ ማርክ አያዋጣም ብሎ ተወራረደ። ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ በርሮ በኤረር ሸለቆ ለተፈናቃዮች ሥራ ጀመረ፣ ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅትም አቋቋመ። ትምህርት ቤት፣ የውሃ ጉድጓድ፣ ክሊኒክ፣ የአፈር ጥበቃ፣ የገጠር መንገድ። የክብር ዜግነቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2003፣ 22 ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አረፈ። አዲስ አበባ ላይ ካርል አደባባይ ስሙን ይዟል፤ ታክሲ የሚሳፈረው ወጣት ማን እንደነበረ ባያውቅም ስሙን በየቀኑ ይጠራል።

ስማቸው የማይጠራስ? እዚህ ላይ ወደ ዋግ መመለስ ግድ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከዋግና ከላስታ ብዙ ሺህ ሰው በእግሩ ወደ ኮረም ወረደ። የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ያንን መስክ ቀርጸው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984 ለዓለም አሳዩት፤ ዓለም ገንዘቡንና እህሉን ይዞ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። መሐመድ አሚን እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ሲቀርጽ አንድ እጁን አጣ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 1996 ደግሞ በተጠለፈውና ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። ለዚህች አገር ምስል ሰጠ፣ እጅ ሰጠ፣ በመጨረሻም ነፍሱን በአውሮፕላኗ ውስጥ ጣለ። የላቀ አስተዋጽኦ የሚለው ሐረግ ለማን ተጻፈ ብሎ ለሚጠይቀኝ የምጠራው ስም ይህ ነው።

በኮረም ድንኳኖች ውስጥ ያገለገሉ የውጭ ሐኪሞችና ነርሶችም ነበሩ፤ ሌሊት ሕፃን እያጠቡ፣ ማለዳ አስከሬን እየቆጠሩ። ዜግነት ይገባቸው ነበር ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹ ለወራት መጥተው የተመለሱ ናቸው። ግን ስማቸውን የያዘ የእኛ መዝገብ ሊኖረን ይገባ ነበር። የውለታ መዝገብ በሌለበት ሽልማት የሚደርሰው ካሜራ ለተከተለው ሰው ነው።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ያደርገዋል? ፈረንሳይ ግልጽ መንገድ አላት። የፍትሐ ብሔር ሕጓ ልዩ አገልግሎት ላበረከተ የውጭ ሰው የነዋሪነት ዓመት ሳይቆጠር ዜግነት ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. ጥር 2015 ፓሪስ ውስጥ ታጣቂ አንድ የአይሁድ መደብር ሲይዝ ደንበኞችን በምድር ቤት የሸሸገው ማሊያዊው ላሳና ባቲሊ በቀናት ውስጥ ዜጋ ሆነ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2018 ሕንፃ በውጭ በኩል ወጥቶ ሕፃን ያዳነው ማሊያዊው ማሙዱ ጋሳማ በዚያው ዓመት መስከረም ፈረንሳዊ ሆነ። አሜሪካ ተቃራኒ ናት፤ በታሪኳ ሙሉ የክብር ዜግነት የሰጠችው ለ8 ሰዎች ብቻ ነው፣ ቸርችልና እናት ቴሬዛ ከእነሱ መካከል ናቸው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2021 ሕጓን አሻሽላ ለሳይንቲስት፣ ለሐኪም፣ ለጥበብ ሰው፣ ለባለሀብትም በሩን ከፈተች።

የእኛም ልጆች በዚህ በር ሲያልፉ አይተናል። ዘነበች ቶላ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተብላ ለባሕሬን ሮጣለች፤ የለንደን 2012 ኦሊምፒክ የ1500 ሜትር ወርቅም በመጨረሻ ለእርሷ ሆኗል። ባሕሬን በእግሯ ፍጥነት ዜጋ አደረገቻት፤ የእኛ ሕግ ደግሞ በዚያው ዜግነቷን እንደለቀቀች ቆጠረ።

ገንዘብ ያለው ሁሉ በዚህ በር ይግባ የሚል ሐሳብ ግን ይከብደኛል። ለኢንቨስተር የመኖሪያ ፈቃድ፣ የታክስ እፎይታ፣ መሬትም አለ፤ ዜግነት ከዚህ ጥቅል ውስጥ መግባት የለበትም። አንቀጽ 8 አስተዋጽኦ ይላል እንጂ ሀብት አይልም። መለኪያው የተረዳው ሰው ብዛት፣ የአገልግሎቱ ርዝማኔ፣ አገልግሎቱ የደረሰበት ቦታ መሆን አለበት። ሰቆጣ በዚህ ረገድ ለመላው አገሪቱ መለኪያ ሆና ታውቃለች። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2015 መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ ሰነዱን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ ሰየመው፤ ሥራውንም በተከዜ ተፋሰስ ባሉ 33 የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ጀመረ። አገር ለራሱ ሕፃናት የገባው ቃል በዋግ ስም ከተጠራ፣ ለባለውለታው የሚገባው ቃልም ከዋግ ቢጀመር ያምራል።

የውጭውን ሰው ስናከብር የራሳችንን መርሳት የለብንም። ካትሪን ሐምሊን ራሳቸው ይህን አልረሱም። ማሚቱ ጋሼ በወጣትነቷ ፌስቱላ ይዟት ወደ ሐምሊኖች የመጣች የገጠር ልጅ ናት። ታክማ ስትድን ወደ መንደሯ አልተመለሰችም፤ አልጋ እያነጠፈች፣ ሕመምተኛ እያስተዛዘነች ቆየች። ፊደል ሳትቆጥር ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታ መሣሪያ ማቀበል፣ ከዚያ መስፋት፣ በመጨረሻም ራሷ መቅደድና መጠገን ተማረች። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሰጣት። ከውጭ ለመማር የመጡ ሐኪሞች በእጇ ሥር ሠልጥነዋል።

በዝቋላም እንዲህ ያሉ አሉ፤ ስማቸውን የያዘ ሜዳሊያ ባይኖርም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች መድቧል። ክትባት በቀዝቃዛ ሣጥን ተሸክመው ቁልቁለት ይወርዳሉ፣ ነፍሰ ጡሮችን ይመዘግባሉ፣ ቃሬዛው መቼ መነሣት እንዳለበት የሚወስኑትም ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር የመቀሌ መንገድ ተዘጋ፤ ዋግ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ወልድያ ብቻ ዞረ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ፣ ከዝቋላም የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በሰቆጣ ዙሪያና በጽጽቃ ተጠለሉ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቁ ዝቋላን፣ ሳህላንና አበርገሌን ክፉኛ መታ። የጤና ባለሙያዎቹ በዚህ ሁሉ መካከል ሥራቸው ላይ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ራሳቸው ተፈናቃይ ሆነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። አንቀጽ 8 ሥራ ላይ የሚውልበት የታወቀ ሥርዓት ይውጣለት። ጥቆማው ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን ከታች፣ ከወረዳና ከብሔረሰብ ምክር ቤቶች ይጀምር። የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ ምክር ቤት በዞኑ ጤና ጣቢያዎች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የውሃ ሥራዎች ላይ ዓመታት ያገለገሉ የውጭ ሰዎችን ስም ከየወረዳው ይሰብስብ፤ በዚያው መዝገብ ጎን ለጎን የራሱን አዋላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስም ያስፍር። ሙሉ ዜግነት ለሚፈልግና ለሚገባው ሙሉው ይሰጥ። የቀድሞ ዜግነቱን መልቀቅ ለማይችል ባለውለታ ደግሞ የክብር ዜግነቱ ባዶ ወረቀት እንዳይሆን፣ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተሰጠው ዓይነት መብት፣ ያለ ቪዛ የመግባትና ያለ ፈቃድ የመሥራት መብት፣ ይከተለው፤ ለልጆቹም ይሁን።

ሕግ አውጪዎች ይህን ለማድረግ አዲስ ሕገ መንግሥት አያስፈልጋቸውም። አንቀጹ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ታትሞ ተቀምጧል። አንባቢም በአካባቢው እንዲህ ያለ ባለውለታ የሚያውቅ ከሆነ ስሙንና ሥራውን ጽፎ ለወረዳው ምክር ቤት ያቅርብ፤ ሰውየው በሕይወት ሳለ።